ደረጃው በሩ ላይ ይለጠፍ

በአዲስ አበባ ክረምት ሲገባ ሁለት ገበያ ይደራል። አንደኛው የደብተርና የዩኒፎርም ነው። ሁለተኛው በስሙ ገበያ ተብሎ አይጠራም፤ ልጅን ይዞ ከአንዱ የግል ትምህርት ቤት በር ወደ ሌላው መዞር ነው። ወላጅ በሩ ላይ ደርሶ የሚጠይቀው የታወቀ ነው። ምዝገባ ስንት ነው? የወር ክፍያውስ? መጽሐፍና ዩኒፎርም ለብቻ ይከፈላል? ሰርቪስ አላችሁ? ቦታ አለ? ከዚያ ግቢውን ዞር ዞር ብሎ ያያል። ቀለሙን ያያል፣ ዥዋዥዌውን ያያል፣ የጥበቃውን ሰላምታ ይቀበላል፣ ልጁን ያስመዘግባል።

አንድ ጥያቄ ግን አይጠየቅም፦ «ይህ ትምህርት ቤት በመጨረሻው ኢንስፔክሽን ስንተኛ ደረጃ አገኘ?»

ይህ የማይጠየቀው ወላጅ ስለማይገደው አይደለም። አብዛኛው ወላጅ እንዲህ ያለ ደረጃ መኖሩን ስለማያውቅ ነው። የመዘነው መንግሥት ያውቀዋል። የተመዘነው ባለቤት ያውቀዋል። ብዙ ጊዜ የማያውቀው ገንዘቡንም ልጁንም የሚሰጠው ሰው ነው። ስለ ግል ትምህርት ቤቶች ሕግና መስፈርት የሚደረገው ክርክር ሁሉ መጀመር ያለበት ከዚህ ነው።

*መስፈርት ከየት መጣ?*

የግል ትምህርት ቤት ጉዳይ ሲነሳ ወሬው ቶሎ ወደ ሁለት ጫፍ ይሄዳል። አንዱ ወገን «ሁሉም ነጋዴ ነው፣ መንግሥት ይቆጣጠርልን» ይላል። ሌላው «በራሳቸው ገንዘብ ከፍተው ያስተምራሉ፣ መንግሥት ምን አገባው» ይላል። ሕጉ ከሁለቱም ጋር የለም።

የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ1966 ያጸደቀው የኢኮኖሚ፣ የማኅበራዊና የባህል መብቶች ቃል ኪዳን በአንቀጽ 13 ላይ ሁለት ነፃነቶችን ጎን ለጎን አስቀምጧል። አንደኛው ወላጅ ከመንግሥት ትምህርት ቤት ውጪ የመምረጥ ነፃነት ነው። ሁለተኛው ግለሰቦችና ድርጅቶች ትምህርት ቤት የመክፈትና የመምራት ነፃነት ነው። ሁለቱም ላይ ግን አንድ ገመድ ታስሯል፦ መንግሥት ያወጣውን ዝቅተኛ መስፈርት ማሟላት። ኢትዮጵያ ይህን ቃል ኪዳን በ1985 ዓ.ም ተቀብላለች። ሕገ መንግሥቱ ደግሞ አገሪቱ ያጸደቀቻቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የሕጓ አካል ናቸው ይላል።

የአገሪቱ የራሷ ታሪክም ይህንኑ ያስተምራል። በደርግ ዘመን የግል ትምህርት ቤቶች በአዋጅ ተወርሰው ወደ ሕዝብ ይዞታ ዞሩ። ያኔ ስለ ግል ትምህርት ቤት መስፈርት መነጋገር ትርጉም አልነበረውም፤ ነፃነቱ ራሱ አልነበረምና። ሥርዓቱ ሲለወጥ በሩ እንደገና ተከፈተ። በ1987 ዓ.ም የሚኒስትሮች ምክር ቤት ስለ ግል ትምህርት ተቋማት ፈቃድ አሰጣጥና ቁጥጥር ደንብ ቁጥር 206ን አወጣ። የፈቃድና የቁጥጥር ሐሳብ አብረው ነው የመጡት። መክፈት ይቻላል፣ ነገር ግን ተመዝኖ ነው።

ስለዚህ መስፈርት ለባለቤቱ ቅጣት አይደለም፣ ለመንግሥትም የገቢ ምንጭ አይደለም። ባለቤቱ ለመክፈት የገባው ቃል ነው። ቃሉን የገባው ለመንግሥት ይምሰል እንጂ በእውነት የገባው ለወላጅ ነው። ሌላው ቢቀር፣ ያ ቃል ሲታጠፍ የሚጎዳው ፈቃድ የሰጠው መሥሪያ ቤት አይደለም።

*ወረቀቱ መጥፎ አይደለም*

ብዙ ሰው «ሕግ የለም» ይላል። ሕግ አለ። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል እንዲሉ፣ ያለው ሕግ ስለማይታይ የሌለ ይመስላል።

ትምህርት ሚኒስቴር ሲጠቀምበት የቆየው የአጠቃላይ ትምህርት ኢንስፔክሽን ማዕቀፍ ትምህርት ቤትን በ26 ስታንዳርዶች ይመዝናል። ነጥቡ በሦስት ይከፈላል። ግብዓት፣ ማለትም ሕንፃው፣ ወንበሩ፣ መምህሩ፣ ቤተ ሙከራው፣ 25 በመቶ ይይዛል። ሂደት፣ ማለትም ክፍል ውስጥ የሚሠራው ሥራና የትምህርት ቤቱ አመራር፣ 35 በመቶ ይይዛል። ውጤት፣ ማለትም ተማሪው ምን ተማረ፣ ምን ሆኖ ወጣ የሚለው፣ 40 በመቶ ነው። ድምሩ ከ50 በታች የሆነ ትምህርት ቤት ደረጃ 1 ነው። ከ50 እስከ 70 ደረጃ 2፣ ከ70 እስከ 90 ደረጃ 3፣ ከ90 በላይ ደረጃ 4። መስፈርቱን አሟላ የሚባለው ከደረጃ 3 ጀምሮ ነው።

ልብ በሉ፤ ይህ መለኪያ በሐሳቡ ከብዙ አገሮች የተሻለ ነው። ለግድግዳና ለጣሪያ የሰጠው ድርሻ አንድ አራተኛ ብቻ ነው። ትልቁን ድርሻ የሰጠው ለልጁ ነው።

ከዚህ በላይ ሕገ መንግሥቱ አለ። አንቀጽ 36 ሕፃን በትምህርት ቤት ውስጥ አካሉን ከሚነካና ከጭካኔ ቅጣት ነፃ መሆኑን በግልጽ ደንግጓል። ይህ የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ የግል ትምህርት ቤት ብሎ አይለይም። አንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖትና ከፖለቲካ ተጽእኖ ነፃ እንዲሆን ያዛል። የክፍል ጥበት ልክም አለ፤ በአገሪቱ የትምህርት ዕቅዶች ለአንደኛ ደረጃ በአንድ ክፍል 50፣ ለሁለተኛ ደረጃ 40 ተማሪ ተብሎ ተቀምጧል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በግል ትምህርት ቤት የሚያስተምረውን መምህርም ይሸፍናል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ደግሞ አገልግሎት የሚገዛ ሰው ስለሚገዛው ነገር በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይናገራል። የትምህርት ክፍያ የሚከፍል ወላጅ አገልግሎት ገዥ ነው።

ይህን ሁሉ የሰበሰበ ሰው «ታዲያ ምን ጎደለ?» ማለቱ አይቀርም። የጎደለው ወረቀቱ ከመሥሪያ ቤት ፋይል ወጥቶ ክፍል ውስጥና በር ላይ መድረሱ ነው።

*የሚታየው ይመዘናል፣ የማይታየው ይታለፋል*

መርማሪ አንድ ግቢ ሲገባ በመጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው በሚቆጠረው ነገር ላይ ነው። መጸዳጃ ቤት ስንት ነው? የክፍሉ ስፋት ስንት ነው? ቤተ መጻሕፍት አለ? የእሳት ማጥፊያው የት ነው? እነዚህ መቆጠር አለባቸው። ለመኖሪያ የተሠራ ቪላ ተከራይቶ፣ ሳሎኑን ሁለት ክፍል አድርጎ፣ ጋራዡን ኬጂ ያደረገ ትምህርት ቤት በከተማው ብርቅ አይደለም። አንድ ቤተሰብ እንዲኖርበት በተሠራ ደረጃ ላይ መቶና ሁለት መቶ ሕፃን በእረፍት ሰዓት ሲወርድ አደጋው ግልጽ ነው።

ነገር ግን የሚቆጠረው ነገር ለመዋስም ይቀላል። መርማሪ ይመጣል በተባለ ሰሞን ቤተ ሙከራ የሚሞላበት፣ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ የሚወጡበት፣ የመምህራን የትምህርት ማስረጃ በፋይል የሚደራጅበት አሠራር ለመምህራን እንግዳ አይደለም። በፋይሉ ያለው ዲግሪና በክፍሉ ያለው ሰው አንድ መሆናቸውን ለማረጋገጥ ግን ክፍል ገብቶ መቀመጥ፣ ደጋግሞ መምጣት፣ መምህሩን ለብቻው ማነጋገር ያስፈልጋል። ይህ ጊዜ ይጠይቃል፣ ባለሙያ ይጠይቃል። ስለዚህ 25 በመቶ የተሰጠው ግብዓት በተግባር ብዙውን ጉልበት ይበላል፤ 40 በመቶ የተሰጠው ውጤት በወረቀት ይሞላል።

ወረቀቱ ምን ያህል ሊያታልል እንደሚችል የ12ኛ ክፍል ፈተና አሳይቷል። የ2014 ዓ.ም ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ቁጥጥሩ ጠብቆ ሲሰጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። በ2015 ዓ.ም 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም 8.4 በመቶ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች 1,328 ነበሩ። እነዚህ ቁጥሮች የመንግሥትንም የግልንም ይጨምራሉ፤ አብዛኛው ተማሪም ያለው በመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። ለግል ትምህርት ቤት ወላጅ ግን የተለየ ትምህርት አላቸው። በየሴሚስተሩ የሚመጣው ካርድ፣ 90 እና 95 የሞላበት፣ ከትምህርት ቤቱ በራሱ እጅ የወጣ ነው። ሻጭ ራሱ በመዘነው ሚዛን እህል የሚሸምት ሰው የለም። በትምህርት ግን ሁሉም እንዲህ ነው የሚሸምተው።

*መምህሩ የመስፈርቱ ልብ ነው*

የግል ትምህርት ቤት ጥራት ከምንም በላይ የሚወሰነው በመምህሩ ነው። መምህሩ ግን በኢንስፔክሽን ቅጽ ላይ ዲግሪና የዓመት ልምድ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ውሉ አይታይም።

ብዙ የግል ትምህርት ቤቶች መምህር የሚቀጥሩት ለአሥር ወር ነው። ሰኔ ላይ ውሉ ያበቃል። ሐምሌና ነሐሴ ደመወዝ የለም። መስከረም ላይ ባለቤቱ ከፈለገ ይጠራዋል፣ ካልፈለገ አዲስ ሰው ይቀጥራል። አዋጅ 1156 የሥራ ውል በመሠረቱ ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል ይላል፤ ለተወሰነ ጊዜ መቅጠር የሚቻልባቸውን ሁኔታዎችም በአንቀጽ 10 ለይቶ ዘርዝሯል። በዝርዝሩ ውስጥ በየዓመቱ የሚደጋገም ወቅታዊ ሥራ አለ። አንዳንድ ባለቤቶች «ማስተማርም ወቅታዊ ነው» ብለው የሚከራከሩት ይህን ይዘው ነው።

ክርክሩ በሕግ ዓይን ሊያስኬድም ላያስኬድም ይችላል። በትምህርት ዓይን ግን አያስኬድም። ቡና ለቃሚ ሥራው የሚያልቀው ቡናው ሲያልቅ ነው። የመምህር ሥራ ግን ሰኔ ላይ አያልቅም። የትኛው ልጅ ክፍልፋይ እንዳልገባው፣ የትኛዋ ልጅ ከኋላ ተቀምጣ ሰሌዳውን እንደማታይ፣ የትኛው ቤቱ ችግር እንዳለ የሚያውቀው እሱ ነው። መስከረም ላይ ሌላ ሰው ሲመጣ ያ ሁሉ እውቀት አብሮ ከግቢው ወጥቷል። ወላጅ በየዓመቱ የጨመረ ክፍያ ይከፍላል፤ ልጁ በየዓመቱ ከዜሮ በሚጀምር መምህር ይማራል።

ደግሞም የአሥር ወር መምህር ዝም የሚል መምህር ነው። ክፍሉ ከልክ በላይ ሲሞላ አይናገርም። ያላለፈን ልጅ አሳልፍ ሲባል እምቢ አይልም። የሥራ ባልደረባው ልጅ ሲመታ አይቶ አይመሰክርም። ሰኔ እየመጣ ነውና። የመምህሩ ውል የሠራተኛ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ሌሎቹ መስፈርቶች ሁሉ እንዲጠበቁ ከውስጥ ሆኖ የሚመሰክረው ሰው አፉ የሚዘጋበትና የሚከፈትበት ቦታ ነው።

*ሁሉም ስለ ዋጋ ሲጮኽ*

በየዓመቱ የግል ትምህርት ቤቶች ዜና የሚሆኑት በአንድ ጉዳይ ነው፤ የክፍያ ጭማሪ። ስብሰባ ይጠራል፣ ወላጅ ይቆጣል፣ ባለቤቱ የኪራይና የኑሮ ውድነትን ያነሳል፣ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት መካከል ይገባል፣ በመጨረሻ አንድ በመቶኛ ላይ ይደረሳል። መስከረም ይጠባል፤ ሁሉም ወደ ቤቱ።

የወላጅ ብሶት እውነት ነው። ደመወዙ ባልጨመረበት ዓመት የልጁ ክፍያ በአንዴ ሲዘል ቤት ይናጋል። ነገር ግን ስለ ዋጋ ብቻ የሚደረግ ጭቅጭቅ ሌላውን ጥያቄ ይሸፍናል። 30 በመቶ ጨመረ ወይስ 20 በመቶ የሚለው ትርጉም የሚኖረው ምን ለመግዛት እንደሆነ ሲታወቅ ነው። ደረጃ 2 ላይ ያለ ትምህርት ቤት ጭማሪ ሲጠይቅ ስብሰባው ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ «ደረጃ 3 ለመግባት ምን ጎደላችሁ? ጭማሪው ከየትኛው ጉድለት ላይ ይውላል?» መሆን ነበረበት። ያ ጥያቄ እንዲጠየቅ ግን ደረጃው በስብሰባው ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ አለበት።

ወላጅ ሌላ ቦታ ሄዶ መምረጥ ይችላል የሚሉም አሉ። በወሬ ደረጃ እውነት ነው። በተግባር ትምህርት ቤት መቀየር ሸሚዝ እንደመቀየር አይደለም። ልጁ ጓደኞቹን ያጣል፣ ሰፈር ይርቃል፣ ሌላ ምዝገባ፣ ሌላ ዩኒፎርም ይመጣል። ያልተከፈለ ሒሳብ ካለ ደግሞ መልቀቂያና ትራንስክሪፕት ይያዛል። ስለዚህ ወላጅ አንዴ ከገባ በኋላ እንደልቡ የሚወጣ ገዥ አይደለም። ሕግና መስፈርት የሚያስፈልገው በዚህ ምክንያት ነው።

*ከሌሎች አገሮች ምን ይወሰዳል?*

በእንግሊዝ የግል ትምህርት ቤቶች መስፈርት እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣ ደንብ በስምንት ክፍል ተቀምጧል። የትምህርት ጥራት፣ የተማሪዎች የሥነ ምግባርና የማኅበራዊ እድገት፣ ደኅንነትና ጤና፣ የሠራተኛውና የባለቤቱ ብቁነት፣ ሕንፃ፣ መረጃ መስጠት፣ የአቤቱታ አያያዝ፣ በመጨረሻም አመራር። ከስምንቱ ሁለቱ ለኢትዮጵያ ወላጅ ዓይን የሚከፍቱ ናቸው።

አንደኛው መረጃ መስጠት ራሱ መስፈርት መሆኑ ነው። ትምህርት ቤቱ የመጨረሻውን የኢንስፔክሽን ሪፖርት ለወላጆች የማድረስ ግዴታ አለበት። ባለፈው ዓመት ስንት መደበኛ አቤቱታ እንደቀረበበት ሳይቀር ማሳወቅ አለበት። ያላሳወቀ ትምህርት ቤት ሕንፃው ቤተ መንግሥት ቢመስል እንኳ መስፈርት አጉድሏል።

ሁለተኛው አቤቱታ ነው። ወላጅ ቅሬታ ሲኖረው በመጀመሪያ በንግግር፣ ካልሆነ በጽሑፍ፣ ካልሆነ በጉባኤ ፊት ይሰማል። በዚያ ጉባኤ ላይ ከትምህርት ቤቱ አስተዳደር ነፃ የሆነ ቢያንስ አንድ ሰው መቀመጥ አለበት። ይህን ከኢትዮጵያው ወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ኅብረት ጋር አስተያዩት። ወተመህ በብዙ የግል ትምህርት ቤት በስም አለ። አባላቱን የሚጠቁመው፣ ስብሰባውን የሚጠራው፣ አጀንዳውን የሚይዘው ግን ብዙ ጊዜ ያው ባለቤቱ ነው። ከሳሽም ተከሳሽም ዳኛም በአንድ ቢሮ ሲቀመጡ ወላጅ ምርጫው ሁለት ነው፤ ዝም ማለት ወይም ልጁን ይዞ መውጣት።

ከህንድ ደግሞ ሌላ ትምህርት አለ። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣውና በ2010 ሥራ ላይ የዋለው የትምህርት መብት ሕግ ያለ እውቅና ትምህርት ቤት ማካሄድን በገንዘብ ይቀጣል። ትምህርት ቤት ለመግቢያ ብሎ ሕፃንን ወይም ወላጅን ፈትኖ መምረጥንም ይከለክላል። በዚህ አገር የአራት ዓመት ሕፃን «ኢንተርቪው» የሚቀመጥባቸው ትምህርት ቤቶች ላሉበት ሁኔታ ይህ ጥሩ ማነጻጸሪያ ነው። ሕጉ ከመውጣቱ በፊት ለነበሩና መስፈርቱን ላላሟሉ ትምህርት ቤቶች የሦስት ዓመት ጊዜ ሰጥቶ ነበር። ትችትም ቀርቦበታል። መስፈርቱ በአብዛኛው ክፍልና መጸዳጃ ቤት ቆጣሪ ነው፣ በድሃ ሰፈር በትንሽ ክፍያ የሚያስተምሩትን ይጎዳል ተባለ። ጉጃራት የምትባለው ግዛት በራሷ ደንብ ትልቁን ነጥብ ለተማሪዎች ውጤትና መሻሻል የሰጠችው ለዚህ ነው።

*የባለቤቶቹ ክርክር*

ባለቤቶቹም የሚሉት አላቸው፣ መሰማትም አለበት። «መስፈርቱን ያወጣው መንግሥት የራሱ ትምህርት ቤቶች መቼ አሟሉት?» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ትምህርት ሚኒስቴር ራሱ በይፋ እንደተናገረው ከአገሪቱ ትምህርት ቤቶች ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ከደረጃ በታች ናቸው። ራሱ ያላሟላውን መስፈርት ሌላው ላይ በዱላ የሚያስፈጽም ተቆጣጣሪ ክብር አያገኝም።

ሁለተኛው ክርክራቸው የቦታ ነው። ትምህርት ቤት የሚሆን ሰፊ ግቢ በአዲስ አበባ መሬት ማግኘት ለአብዛኛው ባለቤት ሕልም ነው። በኪራይ ቤት የሚሠራ ሰው አከራዩ «ልቀቅ» ባለው ቀን ያለቀለት ነው። ለአምስት ዓመት እርግጠኛ ያልሆነበት ቤት ላይ ቤተ ሙከራ ሥራ ቢባል አይሠራም።

ሦስተኛው «ብትዘጉን ልጆቹ የት ይሄዳሉ?» የሚለው ነው። ይህ ከሁሉም የከበደው ነው። በጥር ወር በሩ የታሸገ ትምህርት ቤት ባለቤቱን ሳይሆን ልጆቹን ቀጥቷል።

እነዚህ ክርክሮች ግን መስፈርቱን ለማንሳት ምክንያት አይሆኑም፤ በሥርዓት ለማስፈጸም ምክንያት ናቸው። የመንግሥት ትምህርት ቤት ከደረጃ በታች ከሆነ መፍትሔው የእሱም ደረጃ በበሩ ላይ መለጠፉ ነው። ሚዛኑ አንድ ይሁን፤ ለሁለቱም። የቦታ ችግር ካለ የቦታ ጊዜ ይሰጥ። ነገር ግን ጊዜ የሚሰጠውና የማይሰጠው ይለይ። ቤተ መጻሕፍት ለማስፋት ሁለት ዓመት መስጠት ይቻላል። ልጅ የሚመታን መምህር ለማስቆም ሁለት ዓመት አይሰጥም። የተዘጋ የአደጋ መውጫ በር ለመክፈት አንድ ቀን ይበቃል።

*ምን ይደረግ?*

አንደኛ፣ የእያንዳንዱ ትምህርት ቤት፣ የግልም የመንግሥትም፣ የመጨረሻው የኢንስፔክሽን ደረጃና የተመዘነበት ቀን በዋናው በር ላይ፣ ወላጅ ቆሞ በሚያነበው ፊደል ይለጠፍ። ዝርዝሩም በምዝገባ ቅጹ ላይ ይያያዝ። ይህ በጀት አይጠይቅም። ሚዛኑ ተመዝኗል፣ ውጤቱ ተጽፏል፤ የቀረው ከፋይል አውጥቶ በር ላይ መለጠፍ ነው። ደረጃ 2 ብሎ የለጠፈ ባለቤት በሚቀጥለው ዓመት ደረጃ 3 ለመለጠፍ የሚሮጠውን ያህል ለማንም መርማሪ ማስጠንቀቂያ አይሮጥም።

ሁለተኛ፣ የልጅ ሕይወትና ክብር የሚነኩ መስፈርቶች ከሌሎቹ ተለይተው ይውጡ። የአደጋ መውጫ፣ ውኃና መጸዳጃ፣ የሰርቪስ መኪና ደኅንነት፣ አካላዊ ቅጣትና ጥቃት። እነዚህ በነጥብ አይደመሩ። በሌላው 90 ያመጣ ትምህርት ቤት ልጅ የሚመታበት ከሆነ ደረጃ 4 ሊባል አይገባም።

ሦስተኛ፣ የመምህራን የቅጥር ሁኔታ በኢንስፔክሽኑ ይመዘን። ስንት መምህር ቋሚ ውል አለው? ስንቱ ካለፈው ዓመት ቀጠለ? የጡረታ መዋጮ ተከፍሏል? ሦስቱም በሰነድ የሚረጋገጡ ናቸው፤ ከየትኛውም ማስታወቂያ በላይ ስለ ትምህርት ቤቱ ይናገራሉ።

አራተኛ፣ ከትምህርት ቤቱ ግቢ ውጪ የሆነ፣ ቀነ ገደብ ያለው የአቤቱታ መንገድ ይኑር። ወላጅና መምህር ስማቸው ተጠብቆ የሚናገሩበት፣ መልሱ በጽሑፍ የሚሰጥበት። ፈቃድ የሚሰጠው፣ የሚያድሰው፣ የሚመዝነውና አቤቱታ የሚሰማው አንድ ጠረጴዛ ከሆነ ግን ነገሩ ወደ ነበረበት ይመለሳል።

አምስተኛ፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጆቹ ሜዳ ላይ እንዳይቀሩ ሥርዓት ይበጅ። ለሕይወት የሚያሰጋ ካልሆነ በቀር በዓመቱ መካከል አይዘጋ፤ አዲስ ተማሪ እንዳይመዘግብ ይከልከል፣ ዓመቱን ይጨርስ። የተማሪዎቹ የውጤት መዝገብ ቅጂ አስቀድሞ በመንግሥት እጅ ይቀመጥ። የልጅ ትራንስክሪፕት የባለቤቱ ንብረት አይደለም፣ ለብድርም መያዣ ሊሆን አይገባም።

*እስከዚያው ድረስ*

መመሪያ ወጥቶ እስኪፈጸም ወላጅ እጁን አጣምሮ መቀመጥ የለበትም። ልጁን ሊያስመዘግብ የሄደ ሰው አምስት ጥያቄ ይጠይቅ። የመጨረሻው ኢንስፔክሽን መቼ ተደረገ፣ ደረጃችሁስ? በልጄ ክፍል ስንት ተማሪ አለ? ባለፈው ዓመት ከነበሩት መምህራን ስንቱ አሉ? ልጅ ሲያጠፋ ምን ታደርጋላችሁ? ቅሬታ ቢኖረኝ ከእናንተ ውጪ ለማን አመለክታለሁ?

ጥያቄዎቹ ባለቤትን የሚያስቀይሙ አይደሉም። ሥራውን የሚያከብር ዳይሬክተር እንዲህ ያለ ወላጅ ሲመጣ ደስ ይለዋል፤ ወንበር ስቦ ያስቀምጠዋል፣ ሪፖርቱን አውጥቶ ያሳየዋል። «እሱ የውስጥ ጉዳይ ነው» የሚል መልስ የሰጠ ደግሞ መልሱን ሰጥቷል።

አንድ ወላጅ ብቻውን ቢጠይቅ «አስቸጋሪ ሰው» ይባላል። ሃያ ወላጅ በአንድ ሳምንት ቢጠይቅ ግን ባለቤቱ መልሱን አትሞ በሩ ላይ ይለጥፈዋል። ትምህርት ቤት ሲጎዳ ጉዳቱ ወዲያው አይታይም። ዳቦ ሲበላሽ በማግስቱ ይሸታል፤ የተበላሸ ትምህርት የሚታወቀው ልጁ 12ኛ ክፍል ደርሶ ነው። ያኔ መጮኽ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ጥያቄው መጠየቅ ያለበት አሁን ነው፣ በምዝገባው ወቅት፣ ገንዘቡ ገና በወላጁ ኪስ እያለ።